ከሳሽ ወንድአፍራሽ፣ ተከሳሽ አጥር

ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በሰጠ ቁጥር የጋሽ ወንድአፍራሽ አጥር አንድ እርምጃ ወደ ቤታቸው ይራመዳል። እርምጃው የአዋቂ ሰው ነው፤ ስለካው ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ቆርቆሮው፣ የባሕር ዛፍ ቋሚው፣ ሚስማሩ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በነበረበት ቦታ ጉድጓድ አይተውም፤ ድምፅም አያሰማም።

ይህን የምለው ጠበቃቸው ሆኜ ነው። አስካለ እባላለሁ። ቢሮዬ በሸንበቆ ሰፈር፣ በወፍጮ ቤቱና በልብስ ሰፊው መካከል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቀድሞ ፀጉር ቤት ነበረች። ስከራያት የፀጉር አስተካካዩ ተሽከርካሪ ወንበርና ትልቁ መስታወት ውስጧ ነበሩ፤ እዚያው ይቅሩ አልኩ። ባለጉዳይ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና የገዛ ፊቱን እያየ ጉዳዩን ይነግረኛል። ሰው የራሱን ፊት እያየ ብዙ አይዋሽም። ሌሎቹ ጠበቆች «አስካለ ትከራከራለች ወይስ ፀጉር ትቆርጣለች?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ቢሮ ሶፋ አለ፤ ሶፋ ላይ ደግሞ እንደ ልብ ይዋሻል።

ጋሽ ወንድአፍራሽ የመጡት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ዕድሜ ጠንቶባቸው መጋዛቸውን የሰቀሉ አናጢ ናቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መስታወቱን አንድ ጊዜ አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አጥሬ እየመጣብኝ ነው» አሉ።

«ማን ነው የሚገፋው?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

«ጎረቤትዎ አይሆንም?»

«ሽብሩ? ኧረ እሱ ምስኪን ነው። እሱም እንደኔ ግራ ገብቶታል።»

«ከዚህ በፊት ፍርድ ቤት ሄደው ያውቃሉ?»

«ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ አመልክቼ ነበር። ሦስቴ ቀጠሩኝና ሰልችቶኝ ተውኩት። አጥሩም ሦስቴ ነው የመጣው።»

ይህን ጽፌ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው። ከአጥሩ እስከ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ዘጠኝ እርምጃ ቀርቷል። ግድግዳውን ተደግፎ ጋሽ ወንድአፍራሽ በእጃቸው የሠሩት ሰፊ የጽድ አልጋ አለ፤ በግድግዳው በኩል ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ ተኝተዋል፤ በወዲህ በኩል የጋሽ ወንድአፍራሽ ቦታ ነው። እትዬ ጌጤ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ቆመው አያውቁም።

«ጠበቃዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ። አጥሩ እግር አውጥቷል፣ እኔ የለኝም። እዚህ ከደረሰ የምሸሽበት አላውቅም።»

ጉዳዩ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ወረቀት ሁሉ ይህችን ሴት ከአጥሩ ለማዳን ነበር።

ሽብሩ ጋ ተሻግሬ ግቢውን ለካሁ። የጋሽ ወንድአፍራሽ ግቢ ሦስት እርምጃ አንሷል፤ የሽብሩ ግን ስንዝር አልጨመረም። ሽብሩ በእርሻ ልብሱ ጎመኑ መካከል ቆሞ ሜትሩን ያዘልኝ።

«የጎደለው መሬት የት ገባ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ወይዘሮ አስካለ። እኔ ጎመን ነው የምተክለው፤ መሬት አልበላሁም።»

አመንኩት። ጥፋት የሌለበትን ሰው መክሰስ ስለማልወድ አጥሩን ከሰስኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቅጹን እየሞላ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«የተከሳሽ ስም?»

«አጥር።»

«ዕድሜ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ሥራ?»

«አጥር ነው አልኩህ እኮ።»

«አድራሻ?»

«የመጣነው በሱ ጉዳይ ነው።»

ቁጥር ሰጠው። መጥሪያውን እኔው ራሴ ወስጄ ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ፤ ሁለት የሰፈር ሰዎችም ምስክር ሆነው ፈረሙልኝ።

በመጀመሪያው ችሎት ተከሳሽ ሳይቀርብ ቀረ፤ ተቀጠረ። በሁለተኛው ዳኛው ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ተቀጠረ። በሦስተኛው መዝገቡ ሌላ ችሎት ተልኮ እዚያ ያለ ሰው አላየሁም አለ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ የችሎት ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄደች፤ በለቅሶ ደግሞ ሰው አይወቀስም። ከየችሎቱ ወጥቼ በቀጥታ ጋሽ ወንድአፍራሽ ቤት እሄድና ሜትር እዘረጋለሁ። ሽንኩርት መደቡ ከአጥሩ ማዶ ቀረ። የልብስ ማስጫ ገመዱ ከነተሰጣው ሸሚዝ ቀረ። ሽብሩ ግቢ ሄጄ ሳይ ሽንኩርትም ሸሚዝም የለም።

የቀጠሮዎቹን ቀኖችና የለካኋቸውን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስጽፍ ነው ነገሩ የገባኝ። የቦዩ አቤቱታ ትዝ አለኝና ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም። በስድስተኛው ችሎት ተነሳሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አጥሩን የሚያራምደው ቀጠሮው ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከሙ ሰው ናቸው። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ከባድ ነገር ነው ያነሱት» አሉ። «መርምሮ ትእዛዝ ለመስጠት ለታኅሣሥ አሥራ ስምንት ተቀጥሯል።»

አጥሩ የዚያን ዕለት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ መቀመጫ አለፈ።

ክሱን ትቼዋለሁ ብዬ አመለከትኩ። ክስ ከሌለ ቀጠሮ የለም፤ ቀጠሮ ከሌለ እርምጃ የለም። ሰባተኛው ችሎት ክሱ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን ለመወሰን ቀጠረ። ስምንተኛው ውሳኔው ተሠርቶ ስላላለቀ ቀጠረ። ዘጠነኛው የዳኛው ፊርማ ስለጎደለ ቀጠረ። እኔ ችሎት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ጮህኩ፤ ዳኛውም በትሕትና እንድቀመጥ ነገሩኝ። በዚያ ቀን አጥሩ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር ከውጭ ተለጥፎ ቆመ። መስኮቱ በቆርቆሮ ጨለመ።

«አልጋውን ወደ ሳሎን ላውጣው?» አሉኝ ጋሽ ወንድአፍራሽ። «ከሽብሩ ጋር ብንይዘው ከነሷ ይነሳል።»

«እንዳይሞክሩት» አልኩ። «ለቀው ከወጡ ይዞታውን በፈቃዳቸው ተዉት ይባላል። ከዚያ በኋላ የትም ብንሄድ የሚሰማን የለም። ሰው የተኛበትን ቦታ ሕግ ያከብራል።»

እትዬ ጌጤ ከአልጋው ላይ ሆነው ሰሙኝ። «ይኼን ሕግ ለአጥሩ ነግረሽዋል?» አሉ።

አልጋው አልተነሳም። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም።

የቀረኝ እግድ ነበር። ለእግድ የምንጽፈው የታወቀ አጻጻፍ አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፌዋለሁ፤ ቤት ተሸጦ እንዳያልቅ፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ግንብ እንዳይፈርስ። እጄ ስለለመደው ሳላስብ ጻፍኩት፤ «ተከሳሽ ትእዛዙ በተሰጠበት ሰዓት ባለበት እንዲቆይና ማንም ሰው እንዳይነካው እንዲታዘዝልኝ።» ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቀረብኩ። ዛሬውኑ ካልተወሰነ ሰው ይጠፋል ብዬ ለመንኩ።

ዳኛው አዘኑልኝ። «እሺ፣ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይቅረቡ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ማለት ምን ቀጠሮ ነው? ማንም ቀጠሮ አይለውም ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትእዛዙ ተፈረመ፤ ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዤው ሮጥኩ።

ጋሽ ወንድአፍራሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጥሩ ግድግዳውን አንዲት ቁራጭ ጭቃ ሳያራግፍ አልፎ ገብቶ አልጋው መሃል ለመሃል ቆሟል። የቆርቆሮው የታች ጠርዝ ከፍራሹ በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ትቷል። ወዲህ የጋሽ ወንድአፍራሽ ትራስ ብቻ ነበር።

«ትእዛዙ ወጣ?» አሉኝ።

«ወጣ።»

«ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። ባለበት እንዲቆይ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ።

«አንብቢው፣ አንብቢው» አለ አንድ ድምፅ ከቆርቆሮው ማዶ። እትዬ ጌጤ ነበሩ። «እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ እየዘነበ ነው።»

እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ሽብሩ ግቢም ሄጄ አየሁ፤ እዚያም ፀሐይ ነበር፤ ጎመን አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

አጥሩ ከዚያን ዕለት ወዲህ ንቅንቅ አላለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲህ ያከበረ ተከሳሽ አላየሁም። እግዱ ይነሳልኝ ብዬ በማግስቱ አመለከትኩ፤ ለጥር ማብቂያ ተቀጠረ። ቀጠሮው በተሰጠበት ዕለት አጥሩ በቦታው ነበር፤ የእትዬ ጌጤ ድምፅ ግን ራቅ አለ።

መጀመሪያ ጋሽ ወንድአፍራሽ ምሳቸውን በሳህን አድርገው በክፍተቱ በእጃቸው ያቀብሏቸው ነበር። የጥር ቀጠሮ ካለፈ በኋላ እጃቸው አልደረሰም፤ በመጥረጊያ እንጨት ገፉት። ከየካቲቱ በኋላ ረጅም አጠና ጠርበው ጫፉ ላይ የሳህን ማስቀመጫ ሠሩለት። ከመጋቢቱ በኋላ ሌላ አጠና ቀጠሉበት። አናጢ ስለሆኑ መጋጠሚያው ጥሩ ነው፤ እንጨት በእንጨት ተነክሶ በሽቦ የታሰረ። ሳህኑ ሁልጊዜ ታጥቦ ይመለሳል። ሽብሩ በየምሳ ሰዓቱ ጎመኑ መካከል ቆሞ ይጠባበቃል፤ አጠናው በሱ በኩል ወጥቶ አያውቅም።

ያለፈው ሐሙስ ከችሎት ቀጥታ ወደነሱ ሄድኩ። ጋሽ ወንድአፍራሽ ለሁለት የተከፈለው አልጋ ላይ ተቀምጠው ሳህኑን እየገፉ ነበር።

«ቀጠሩት?»

«ለሰኔ።»

አጠናው እስከ መጨረሻው ጫፍ ገብቶ ነበር። ሳህኑን የሚቀበል አልነበረም።

«ጌጤ!» ብለው ተጣሩ። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ፤ ድምፁ እንጂ ቃሉ አይለይም።

«ያዥልኝ፣ ሌላ ልቁረጥ» ብለው አጠናውን ሰጡኝና ወደ በሩ ሄዱ። ያዝኩት። የማውቀውን ሕግ ሁሉ አንድ በአንድ ባነሳው ይህን እንጨት አንዲት ጣት አያስረዝመውም።

ጋሽ ወንድአፍራሽ በሩ ላይ ሳይደርሱ አጠናው ከማዶ ተያዘ። ሳህኑ ተነሳ፤ ክብደቱ ሲቀንስ ተሰማኝ። እጁ ግን አጠናውን አልለቀቀም። ከዚያ የማዶው ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከፍ አለ፤ በኔ በኩል ያለው ፍራሹን ተጭኖ አሰመጠው። ከፍ አለ፣ ከፍ አለና ሰው ቆሞ እጁን የሚያደርስበት ልክ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ወንድአፍራሽ» አልኩ።

ተመልሰው መጡ። እንጨቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሃምሳ ዓመት እንጨት የያዘ እጅ ነው፤ የማዶውን ያውቃል።

«ቆማለች» አሉ።

አልጋው ላይ በሆዳቸው ተኙና ክንዳቸውን በክፍተቱ አስገቡ። እስከ ክርናቸው ገባ። እስከ ትከሻቸው ገባ። ሽብሩ ከውጭ «እዚህ ምንም የለም!» ብሎ ጮኸ። እኔ የኮታቸውን ጀርባ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልቀቂኝ ልጄ» አሉኝ። በሙሉ ልባቸው ነበር ያሉት።

አልለቀቅኋቸውም። ቆርቆሮው አልተነሳም፤ ፍራሹም አልተጎደጎደም። ኮቱ እጄ ውስጥ እየቀለለ ሄደና በመጨረሻ ኮት ብቻ ሆነ። ትከሻው ላይ የሰውነታቸው ሙቀት ነበር። ቀኝ እጅጌው በቆርቆሮው ስር ወደ ማዶ ተዘርግቶ ቀርቷል። ልጎትተው ስል ከማዶ ያዙት፤ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት፤ ቆይተው ደግሞ አንድ ጊዜ፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ እንደሚስበው።