ሁሉን የሚቀበለው ኮሌጅ

ሮንዳ ቶለር ለልጇ በነፃ የተሰጣትን ካናቴራ ነጠቅ አድርጋ ስፌቱን፣ አንገቱን፣ የተሠራበትን አገር ሳይቀር አገላብጣ አየች። ምንም እንከን አላገኘችበትም። እንዲያውም ይኼ ጥርጣሬዋን ባሰበት።

"እማ፣ ካናቴራ እኮ ነው" አለች ሃርሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! በነፃ ሰጥተውሽ ምን ሊወስዱብሽ እንደሆነ ገና አላወቅኩም። እስካውቅ ድረስ እንዳትለብሺው።"

ካናቴራውን የሚያድለው ብራይሰን የሚባል ተማሪ ነው፤ ጎብኚዎችን የሚያዞረውም እሱ ነው። ፈገግታው ከፊቱ አልወርድ ብሏል። "እዚህ ማንንም አንመልስም" አላቸው በኩራት። "ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሁሉ ይገባል። ክፍያችንም ከግዛቱ ኮሌጆች ሁሉ ዝቅተኛው ነው።"

"ማንንም?"

"ማንንም፣ እመቤቴ።"

"እኔ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የአውቶቡሱን መቀመጫ በቢላ የሚተለትል አንድ ጎረምሳ አለ። እሱንስ?"

ብራይሰን ትንሽ አሰበ። "ከጨረሰ፣ አዎ።"

ሮንዳ ልጇን 'ሰማሽ?' በሚል ዓይን አየቻት። ሃርሊ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በዚህ ተራራማ አገር ነገርን በቅናሽ ይዞ የመጣን ሰው ማመን ለሮንዳ ቤተሰብ በጅቶ አያውቅም። የድንጋይ ከሰል ኩባንያው ሰዎች ከረባት አስረው፣ በትሕትና ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር ወደ አያቷ የመጡት፤ ከመሬቱ በታች ያለውን በርካሽ ገዝተው ለእሱ ሣሩን ተዉለት። ይኼ ኮሌጅ ራሱ የተሠራው ኩባንያው አናቱን ቆርጦ ባስተካከለው ተራራ ላይ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ትልቅ ዛፍ ግን የለበትም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራ እዚህ እንዴት እንደሚገኝ ሮንዳ አሳምራ ታውቃለች። ትምህርት ቤቱም፣ የመንገድ ሥራውም፣ ክሊኒኩም 'የማን ልጅ ነሽ?' ብሎ ነው የሚጀምረው። እሷንም አውቶቡሱ ላይ ያስቀመጣት በትምህርት ቦርዱ ወንበሩን ለዓመታት ያልለቀቀው አጎቷ ኤስቲል ነው። አላፈረችበትም፤ የሚያፍርበት ሰውም አላየችም። ሁሉን የሚያስገባ ኮሌጅ ሁሉንም በዘመድ አዝማድ ያስመርቃል ብላ ማሰቧ ታዲያ ምን ይገርማል?

ሃርሊ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ከተራራው ማዶ ያለው የከተማው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ እዚያ ከሄደች ግን ለብዙ ዓመት የማይለቃት ብድር ይጠብቃታል። እዚህ ከሆነ ከቤቷ ተመላልሳ፣ ያለ ዕዳ ትማራለች። ለከተማው መልስ መስጠት ያለባት ነገ ነው። ኮሌጁ እውነት ካላስተማረ ግን ርካሽነቱ ምን ይሠራል? በስም ብቻ ነርስ የሆነች ልጅ በመርፌ ምን እንደምታደርግ ሮንዳ ባለፈው ክረምት እናቷ ላይ አይታለች።

ይሁን እንጂ እሷም ባዶ እጇን አልመጣችም። የነርሲንግ ክፍሉ ኃላፊ የኤስቲል ልጅ ዳርሊን ናት። ሃርሊ ሳይንስ ላይ ደከም ትላለች፤ ስለዚህ ሮንዳ ዳርሊንን ልታናግራት ነው፤ ይኼንንም ጠዋት ለአጎቷ በስልክ ነግራዋለች። ኮሌጁ ለሌላው ሰው የማይጠመዘዝ፣ ለእሷ ልጅ ብቻ ትንሽ የሚጠመዘዝ እንዲሆንላት ነበር የምትፈልገው። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ልቧ ቢያውቅም አፍና ይዛዋለች።

ሃርሊን ከብራይሰን ጋር ቤተ መጻሕፍቱን እንድታይ ሰደደችና ብቻዋን ወደ ነርሲንግ ክፍሉ ገባች። ዳርሊን በተደረደሩት አልጋዎች መሀል ቁጭ ብላ ውስጡ ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦ ትበላለች። አልጋዎቹ ላይ ቱቦ የተሰካባቸው የፕላስቲክ ሰዎች ተኝተዋል።

"ሮንዳ! አንቺ ደግሞ በየት በኩል ፀሐይ ወጣና መጣሽ?"

"ልጄን ላሳያት ብዬ ነው።" ሮንዳ አንዱን ፕላስቲክ በጣቷ ነካ አደረገችው። "እነዚህ ናቸው በሽተኞቻችሁ?"

"አይሞቱማ። ስለዚህ በእነሱ ይጀምራሉ።"

"ባለፈው ክረምት በእናቴ የጀመሩ መስሎኝ! ክንዷ እስኪበልዝ የወጓት እነማን ናቸው?"

ሮንዳ ክህደት ጠብቃ ነበር። ዳርሊን ግን አፏን ጠረገችና "የእኔ ተማሪዎች ናቸው" አለች። "በመጨረሻ ደም ሥሩን ያገኘችውም የእኔ ናት። አልዋሽሽም።"

ሮንዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተዘጋጀችው ለክርክር ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም። አናቶሚን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ሃርሊ ሳይንስ ላይ ትንሽ ይከብዳታል። እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት።"

"ሁሉም ላይ እጥላለሁ።"

"አልገባሽም እንጂ።"

"ገብቶኛል። ኮሌጁ ሁሉንም ያስገባል። ነርሲንግ የሚገባው ግን አናቶሚን ያለፈ ብቻ ነው። ግማሹ እዚያው ይቀራል። ሃርሊም ልትቀር ትችላለች።"

"የገዛ ሥጋሽን? የአጎትሽን ልጅ ልጅ... ኧረ እኔ ምን ልበልሽ! አባትሽን ማናገር ነው የሚያዋጣኝ?"

ዳርሊን ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። "አባቴ ለኮልተንም ብሎ ደውሎ ነበር።"

ኮልተን የዳርሊን ልጅ ነው፤ ጎማ ቤት ይሠራል። ትምህርቱን ሰልችቶት ተወው ተብሎ ነበር የተወራው።

"አናቶሚን ሁለት ጊዜ ወሰደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣልኩት" አለች ዳርሊን። "አባቴ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቢሮ ድረስ ሄደ። ፕሬዚዳንቱ ሲጠራኝ 'መቀየር ከፈለጉ በእርስዎ እጅ ይቀይሩት' አልኩት። አልደፈረም። ከዚያ ወዲህ እሑድ አባቴ ቤት ምሳ በልቼ አላውቅም።"

"እኛ እኮ በመሬት ነገር የተጣላችሁ ነበር የመሰለን።"

"መሬትማ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ኮልተንም ስደውልለት 'እሺ' ብሎ ነው የሚዘጋው።"

"ታዲያ ምን ነካሽ? ልጅሽ አይደለም እንዴ?"

"ልጄ ነው። ሲወድቅ አልቅሻለሁ። ግን ደም ከልብ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር፣ ሮንዳ። ነጭ ልብስ አልብሼ ወደ እናትሽ ልላከው?"

ሮንዳ ፊቷ ጋለ። ይኼን ሁሉ እሑድ አጎቷ ማዕድ ላይ ድንች እየጨለፈች 'ዳርሊን ተማርኩ ብላ ኮራችብን' ስትል ከርማለች። አሁንም ቢሆን ተናደደች እንጂ አላደነቀቻትም። በገዛ ልጁ የሚጨክን ሰው በእሷ ልጅ ምን ያደርግ ይሆን? ብድግ ስትል ሃርሊ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ብራይሰን ከኋላዋ ሆኖ ጫማውን ያያል። ፈገግታው አሁን የለም።

"እማ" አለች ሃርሊ። "ለእኔ ብለሽ ለመንሻት?"

ዳርሊን ዳቦዋን በወረቀቱ ጠቀለለች።

እናትና ልጅ በፒክአፕ መኪናቸው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወረዱ። ሃርሊ ካናቴራውን ጭኗ ላይ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"እወድቃለሁ ብለሽ ነው አይደል?" አለች በመጨረሻ።

"እንዳትወድቂ ብዬ ነው።"

"ያው ነው።"

"የከተማው ይሻልሽ ይሆን? ዳርሊን ጨካኝ ናት። የከተማዎቹ ቢያንስ አያውቁሽም።"

"ዳርሊንም እኮ አታውቀኝም፤ ክፍል ውስጥ ማንንም አታውቅም።" ሃርሊ ወደ እናቷ ዞረች። "እሷ ጋ ካለፍኩ አለፍኩ ነው። 'በዘመድ ነው' የሚለኝ አይኖርም።"

"ካላለፍሽስ?"

ሃርሊ ካናቴራውን ጨበጥ አደረገችው። "አላውቅም" አለች። ፈርታለች፤ ሮንዳም ፍርሃቷን አይታ ፈራች። ልጅቷ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

ስልኩ ጠራ። ኤስቲል ነው። ሮንዳ ጥግ ይዛ ቆመችና አነሳችው።

"እምቢ አለችሽ አይደል?" አለ ሽማግሌው ገና ሰላም ሳይል። "ድንጋይ ናት፤ እኔ ወለድኳት እንጂ አላውቃትም። ግዴለሽም፣ አሁን ያለው ፕሬዚዳንት አዲስ ነው። በጀቱን የሚያጸድቁለትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት እደውልለታለሁ፤ የልጅቷ ነገር አለቀ በይ።"

ሮንዳ የምትፈልገው ይኼው ነበር። ቀላል ነው፤ 'እግዜር ይስጥልኝ' ብሎ መዝጋት ብቻ ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት እንደ ድሮው አይፈራ ይሆናል፤ አንድ ስልክ ውጤቱን ከቀየረው ግን ከዚያ ክፍል የሚወጣ ማንም ሰው እናቷን ሲነካ ማመን አይቻልም። ሃርሊንም ቢሆን።

"አይደውሉ፣ አጎቴ።"

"ምን አልሽ?"

"አይደውሉለት ነው ያልኩት። ብትወድቅም ትውደቅ።"

"አንቺ ሴት፣ አውቶቡስ ላይ ማን እንዳስቀመጠሽ ረሳሽው? በበጋ ኮንትራትሽ እኔ ፊት ነው የሚመጣው!"

"አልረሳሁትም።" ያለ አውቶቡሱ ምን እንደምትበላ በእውነት አታውቅም።

"እሑድ ምሳ ላይ እንነጋገራለን። እስከዚያ ልብሽ ይመለስ ይሆናል።"

"እሑድ አልመጣም። ዳርሊን እኔ ቤት ነው የምትበላው።"

ስልኩ ተዘጋ። ሃርሊ አፏን ከፍታ ታያታለች።

"መቼ ነው የጠራሻት?"

"ገና አልጠራኋትም" አለች ሮንዳ፤ ፒክአፑንም አዙራ ሽቅብ ወደ ኮሌጁ ነዳችው።