የዘጠኝ አሳማ ሆድ

እማማ ብልቃጦቹን ያጠቡት በክፋት አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ከዘጠኝ የዱር አሳማ ጨጓራ የወጣ ምግብ በፕላስቲክ ብልቃጥ አሽጋ፣ ከአተሩና ከሥጋው ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ ስትደረድርባቸው ዝም የሚል አንጀት ስለሌላቸው ነው። የመሥሪያ ቤቴ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል፣ ሦስት ቀን ብቻ ታገሺኝ ብላ ነበር። በሽታ ደግሞ ቀን ይቆጥር ይመስል። ልጅቷ ስትወጣ ጠብቀው ዘጠኙንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ከውጭ ፈተጓቸው። የተለጠፉት ወረቀቶች ረጥበው ሲላቀቁም አንዱን እንኳ አልጣሉም፤ በካውያ አድርቀው ፖስታ ውስጥ አኖሩላት።

ልጅቷ ፖስታውን ስትከፍት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሥራዋን እማማ እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል። አሳማዎቹ የአገሩ አይደሉም፤ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቋቸው ናቸው፤ ያገኙትን ይበላሉ፣ በፍጥነት ይራባሉ። የሷ ጥያቄ የጫካው፣ የበቆሎ ማሳውና የረግረጉ አሳማ የሚበላው ይለያያል ወይ የሚል ነው። ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ የተገደለበት ቦታ ነበር፤ አሁን የቱ ወረቀት የየቱ ብልቃጥ እንደሆነ አይታወቅም።

«ለዚህ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አሉ እማማ። አርባ ዓመት ከድስት ጋር የኖረ ሰው ይህ ይጠፋዋል? መነጽራቸውን አድርገው ብልቃጦቹን ወደ መስኮቱ እያነሡ ፈረዱ፤ በቆሎ ያለበት የማሳው፣ ሥርና እንጉዳይ ያለበት የጫካው፣ የእንቁራሪት አጥንት ያለበት የረግረጉ።

ልጅቷ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «እማማ፣ ሆዱን አይተሽ ቤቱን ከነገርሽኝ፣ ሆዱ እንደ ቤቱ መሆኑን እኔ በምን ላሳይ? መልሱን ሰርቄ ጥያቄውን መጠየቅ እኮ ነው።»

ይህ ለእማማ የተማረ ሰው ፈሊጥ መሰላቸው። ያኔ ልጅቷ አንዱን ብልቃጥ አስጠጋችላቸው፤ ግማሹ በቆሎ፣ ግማሹ የእንቁራሪት አጥንት።

«ይቺስ የየት ናት?»

አዟዙረው አዩ። «የረግረግ ናት። ማሳ በእንግድነት ሄዳ ነው።»

«የማሳ ሆና ረግረግ በእንግድነት ብትወርድስ?»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ።

አለቃዋ በስልክ አልተቆጣም፤ ይህ ራሱ እማማን አስፈራቸው። ሁሉም እንደ አዲስ ይሰብሰብ፣ ነገ ጠዋት አዳኞቹ ረግረግ ይወርዳሉና አብረሽ ውረጂ ብሎ ዘጋ። ባለፈው ወር እዚያው ረግረግ ግልገል ያላት አሳማ የአንዱን አዳኝ ጭን ዘንጥላለች። ያን ቀን ልጅቷ ሥራው አለቀ፣ ከእንግዲህ አልሄድም ብላ ስትምልላቸው ነበር እማማ እንቅልፍ ያገኙት። አሁን በገዛ እጃቸው መልሰው ላኳት።

ቅሪ፣ አትሂጂ፣ አሉ። ለምነው፣ ተቆጥተው፣ ደም ግፊታቸውን ጠርተው አልሆነም። ልጅቷም እየተናደደች፣ ማን ያመጣውን ጣጣ ነው የምወጣው ብላ በሩን ዘጋች።

በማግሥቱ ጠዋት ቦቲ ጫማዋን ይዛ ስትወጣ እማማ መኪናዋ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል።

«ውረጂ እንጂ፣ እማማ።»

«አልወርድም።»

«ቀኑን ሙሉ ትንኝ ነው የሚበላሽ።»

«ይብላኝ።»

ልጅቷ ጣሪያውን በጣቶቿ ደበደበች፣ ሰዓቷን አየች፣ ተነፈሰች። ከመኪናው አንድ እግርሽን ብታወጪ እመልስሻለሁ አለቻቸው። እማማ ከደኅንነት ቀበቶው ጋር እየታገሉ ነበር።