እንቧይ የዘራው ሰው

ጥር ላይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ዳር ባጃጅ ላይ ሆኖ ለሚያየው የደረቀ ይመስላል። በእግር ለሚሄድ ግን ግራዋው ነጭ አበባውን ዘርግቷል፤ እንቧዩም ቢጫ ፍሬውን አንጠልጥሏል።

ማንኩሳ ሳልደርስ ከባጃጁ ወረድሁና የመሐሪን ደብተር ገለጥሁ። ባለቤቴ በዚህ መንገድ ዳር ያያቸውን ሠላሳ አንድ ዕፅዋት በእርሳስ መዝግቧል። የመጨረሻው፣ «ሰማያዊ አበባ፣ ቢራቢሮ የመሰለ» የሚለው፣ ስም የለውም። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ሳይንሳዊ ስሙን አውቀዋለሁ። መሐሪ የሚፈልገው ግን አገሬው የሚጠራበትን ነበር። ያንን ሳልይዝ ላልመለስ ወጥቻለሁ።

ቁጥቋጦውን ከአንድ ማሳ አጥር ሥር አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ስጽፍ አንድ ሽማግሌ ሚስታቸውን አስከትለው መጡ።

«እሱን እኔ ነኝ የተከልሁት» አሉ፣ ግራዋውን በዱላቸው እያሳዩ። «ክንዱ ብለው ይጻፉ።»

መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ተክል ላለውም ካሳ ይከፈላል የሚል ወሬ አለ። ቀያሽ መስያቸዋለሁ።

«አባቴ፣ እኔ መምህር ነኝ። የዚህን የሰማያዊውን ስም ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ስሙን ስነግርዎ የዱር ነው ብለው ሊጽፉት። እሱንም የተከልሁት እኔ ነኝ።»

«እንቧዩንም?»

«እንቧዩንም። በመስመር ነው የዘራሁት።»

ሚስታቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤፉን በመስመር ዝራ ቢሉህ እምቢ ብለህ፣ እንቧይ በመስመር?»

«ዝም በይ፣ ታንጉት።»

«ቀያሽስ በመኪና ይመጣል እንጂ እንዲህ ጨጎጎት ለብሶ ይመጣል?»

እውነታቸውን ነው። ጥቁር ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ የጨጎጎት እሾህ ተሰክቶበታል። እማማ ታንጉት ቁጢጥ ብለው ይለቅሙልኝ ጀመር።

«ማንን አጥተሽ ነው ጥቁር የለበስሽ፣ ልጄ?»

«ባለቤቴን።»

«ስንት ጊዜው?»

«ሁለተኛ ዓመቱ» አልሁና ደብተሩን አሳየኋቸው። «ይችን አንዷን ሳይጨርስ ቀረ።»

አባባ ክንዱ የእርሳሱን ጽሑፍ ጥቂት ተመለከቱ።

«ምስርች ነው የሚባል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አልተከልሁትም። የእግዜር ነው።»

«ግራዋውስ?» አሉ ታንጉት ቀና ሳይሉ።

«እሱም የእግዜር ነው።»

«እንቧዩስ?»

ሽማግሌው አጥሩን አዩ፤ መንገዱን አዩ።

«እንቧዩ የኔ ነው።»

ከመሐሪ እርሳስ አጠገብ በብዕሬ «ምስርች» ብዬ ጻፍሁ። ወደ ኋላ ገልጬም እንቧይ ከሚለው ጎን «ዘሪው ክንዱ» ብዬ ጨመርሁ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

እማማ ታንጉት የመጨረሻዋን ጨጎጎት ከቀሚሴ ነቅለው በሁለት ጣታቸው አነሷት።

«ይችንም ጻፊለት፣ ልጄ። በመስመር ነው የዘራት።»