ውሃ ያልደረሰው ቃል

«ይሄ ዕቃ አሁን ማንን ነው የሚጠይቀው?» አሉ ሳቢና።

የልጅ ልጃቸው ናይዳ የሟች አባቷን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ የይለፍ ቃሉን እንደገና ጻፈች። መጠየቂያው ጠፍቶ ወዲያው ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ «መግቢያዎ ለጊዜው ተዘግቷል» አላት። ለሟች ከሚጸለይባቸው ዘጠኝ ቀናት ስምንተኛው ነው፤ ሳሎን ውስጥ ለቀስተኞች የበቆሎ ሾርባቸውን እየጠጡ ያንሾካሹካሉ። የዋና ከተማዋ የሊማ የነርሶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ ያለው በአባቷ ኢሜይል ውስጥ ነው። እስከ ነገ ቀትር «እመጣለሁ» ብላ ካልመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«ዓይንሽ እኮ ቀላ። ደግሞ በዚህ ስስ ሹራብ!»

«አያቴ፣ ተይኝ እስቲ።»

ባይከፈትስ ምን አለበት፣ አሉ ሳቢና በሆዳቸው። ሊማ ብትታመም ማን አላት? ሟቹ ልጃቸው ኤሊሴዎም በአሥራ ሰባት ዓመቱ «ቅየሳ ልማር» ብሎ ሲነሳ ጫማውን ዱቄት ሣጥን ውስጥ ደብቀውበት ነበር። እሱ ግን በአባቱ ሰፊ ጫማ እየተንሸራተተ ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፈላቸውም። ቀያሽ ሆኖ ሲመለስ የስንቱን ጎረቤት የድንበር ጠብ በአንድ ሲባጎ ፈታ። የጫማውን ነገር ግን አንድ ቀን አላነሳባቸውም።

የወንድማቸው ልጅ ዊልበር ሳህኑን እንደያዘ ገባ። «መቼ ነው የጀመረው?»

«ከአምስተኛው ቀን ወዲህ» አለች ናይዳ።

በአምስተኛው ቀን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ነፍሱ ለዕቃው ብላ እንዳትመለስ፣ የሟቹን ልብስ ወንዝ ወርዶ አጥቦ ነበር።

ዊልበር ግንባሩን መታ። «አክስቴ፣ እርስዎ አይደሉ ላፕቶፑን አይተው 'ይሄስ ሳይታጠብ ሊቀር ነው?' ያሉኝ! ወንዝ አልነክረው ነገር፣ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በስልኬ ቀየርኩት።»

«እኔም የምጽፈው ያንን የሰጠኸኝን አዲሱን ነው!»

«አንቺ አዲሱን ትጽፊያለሽ፤ ላፕቶፑ ደግሞ ገና ሲበራ ያስቀመጠውን የድሮውን እየደጋገመ ይልካል። የሚያስቆልፍብሽ እሱ ነው። ውሃው እዚህ አልደረሰም በይኛ!»

ናይዳ ሳትፈልግ ሳቀች። ዊልበር የተቀመጡትን ቃላት ዝርዝር ከፈተ፤ ከኤሊሴዎ ስም ሥር የነበሩት ነጠብጣቦች ወደ ፊደል ተለወጡ፦ የአባቴጫማ42።

«ጫማ? ለምን ጫማ?» አለች ናይዳ።

ሳቢና መቁጠሪያቸውን ጨበጡ።

«ይሄ ይሰረዝ፤ ቁልፉ እስኪለቅ ትንሽ እንጠብቅ፤ ከዚያ አዲሱን አንዴ ማስገባት ነው» አለ ዊልበር።

የናይዳ ጣት አየር ላይ ቀረ። «በእጁ የጻፈው እኮ ነው።»

ሳቢና መነጽራቸውን አደረጉ። «የቱ ጋ ነው የሚነካው?» አሉ። አሳያቸው። ነኩት።

ግማሽ ሰዓት ቆይተው አዲሱን አስገቡ። አጥፍተው ቢያበሩትም አልጠየቀም። ናይዳ ደብዳቤውን አገኘች፤ መልሷንም ላከች።

በማግስቱ ዘጠነኛው ጸሎት አብቅቶ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ናይዳ ሻንጣዋን ይዛ በካልሲ ትዞራለች። «የመንገድ ጫማዬን ያየ አለ? አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው!»

ሳቢና ወደ ጓዳ ገቡ። የዱቄት ሣጥኑን ከፈቱ። ደብዳቤ መምጣቱን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ እዚያ የከተቱትን ጫማ አወጡ፤ ዱቄቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ደጃፉ ላይ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው አስቀመጡት።

ናይዳ ጫማውን አየች፤ ነጭ የሆነውን የአያቷን ቀሚስ አየች። አጎንብሳ አጠለቀችው፣ ክሩን አሰረች፣ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።