ቶማዞ እስኪጨርስ

ባለቤቴ አምባዬ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ ዶራቪል ያለው ቤታችን ፊት ለፊት ሣር እያጨደ ሳለ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ እሱ ወደቀ። ሆስፒታል ሐኪሙ ወጥቶ ሲነግረኝ አንዴ ጮህኩ። ሁለተኛውን ጩኸት ግን አፌን በእጄ ይዤ መለስኩት። ቶማዞ ትዝ ብሎኝ ነው።

ቶማዞ ከብሬሻ የመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ጣሊያናዊ ነው። በስድስት ዓመቱ በትንንሾቹ የውድድር መኪኖች ጀመረ፤ አገሩ ላይ ሁለት ዓመት በጀማሪዎች ፎርሙላ ተወዳደረ። አባቱ የእንጨት ሥራ ቤቱን ሸጦለት ገንዘቡም ሲያልቅ፣ ከእኛ ቅርብ ፒችትሪ ኮርነርስ ጋራዥ ያለው አንድ አነስተኛ ቡድን ወስዶ አሜሪካ አመጣው። አምባዬ የዚያ ቡድን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጁ ማረፊያ ሲያጣ ይዞት መጣና ቤዝመንቱን ሰጠነው።

የተግባቡት በመሣሪያ ስም ነው። አምባዬ ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ እያለ ሲቆጥር ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጣሊያንኛ ትችላለህ?» አለው።

«አማርኛ ነው» አለ አምባዬ ኮስተር ብሎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አምባዬን ሳያናግር መኪና ውስጥ አይገባም ነበር። እኔንም «እትዬ ሸዋ» እንዲለኝ ያስተማረው እሱ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ የቶማዞ አያት ጣሊያን አገር ሞቱ። እናቱ ውድድር ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ደውላ ነገረችው። ልጁ ምንም ሳይል ራስ ቁሩን አጠለቀና ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር ከግድግዳው ጋር ተላተመ። አምባዬ ሮጦ ሲደርስ ልጁ የራሱን ስም አያውቅም ነበር። የተሰበረው ክንዱ እስኪድን ከውድድር ቀረ።

አምባዬ ያን ጊዜ ቤት ሲመለስ እራት አልቀመሰም። «እነዚህ ሰዎች መርዶ አያውቁም» አለኝ። «መንገድ ላይ ያለ ሰው ቤቱ ሳይገባ፣ እህል ሳይቀምስ ይነገረዋል? ስሚኝ ሸዋዬ፤ እኔ እንኳ ብሞት መኪና ላይ ላለ ልጅ እንዳትነግሪው። ይጨርስ።»

«ምን ሟርት ነው» ብዬ ተነሣሁበት።

አምባዬ የሞተ ዕለት ቶማዞ ዊስኮንሲን ነበር። ሐኪም ረጅም መንገድ ስለከለከለው አምባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቶ ሌላ ሾፌር ሄዷል። የውድድር ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ እሑድ ሁለት ውድድር አለ። ልጁ በነጥብ ሁለተኛ ነው። አንደኛ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ያለ ክፍያ ከፍ ወዳለው ፎርሙላ ያልፋል። ካልሆነ ቶማዞ አገሩ ይመለሳል፤ በዚያም ያበቃል። በእነሱ ሙያ አሥራ ስምንት ዓመት ብዙ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ በሰው ሞላ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ኃይለማርያም፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ፣ የአምባዬን ቃል ስነግራቸው ወዲያው ቆረጡ።

«ሟች ተናግሯል። እስኪጨርስ አይነገረውም። ጩኸት እንዳይሰማ፤ ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ ካለ ደግሞ ከዕድሩ ይወጣል።»

«ላይክ፣ ሲሪየስሊ?» አለች ሲና፣ የአምባዬ እህት ልጅ። «ጋሼ፣ እኔ ብሆን ማወቅ ነው የምፈልገው። ራይቱ ነው።»

«አንቺም በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ስትነጂ እናይሻለን።»

«ቱ ኤይቲ ፋይቭ ሃይዌይ ላይ ደርሼበታለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ለቡድኑ አለቃ ብቻ ደወልኩለት። እሑድ ማታ፣ ውድድሩ ሲያልቅ፣ ራሱ እንደሚነግረው ቃል ገባልኝ። እኔም አለቅስ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ እንባዬ እምቢ አለ። ፍርሃት ሐዘንን እንዲህ እንደሚያቆየው አላውቅም ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የማየው አምባዬን ሳይሆን ያንን ግድግዳ ነው።

እሑድ ጠዋት ቶማዞ ደወለ። ሰው እንዳይሰማ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«አምባዬ የታለ?»

«ተኝቷል።»

«እስካሁን?»

«መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛው።»

«ሦስተኛ ሆኜ ነው የምነሣው በይው። ካፊያ አለ፣ ግን ጎማው ጥሩ ነው በይው።»

«እሺ፣ እለዋለሁ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ለቀስተኛው ተመለስኩ።

ሲና ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ለቀስተኛው ሁሉ ከበባት። ጥቁር የለበሰ ሰው የመኪና ውድድር ለማየት ሲጋፋ አይቼ አላውቅም።

«የኛ የቱ ነው?» አለች ጎረቤቴ የምሥራች።

«ብርቱካናማው፣ ሃያ ሰባት ቁጥር» አለች ሲና።

«ታዲያ ጭንቅላቱ ውጪ ነው እኮ። ጣሪያ የለውም?»

«የለውም።»

«ኧረ የአምላክ ያለህ። እናቱ ፈቅዳ ነው?»

ጋሽ ኃይለማርያም መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሠላሳ ዓመት ታክሲ ስነዳ፣ ያለ ተሳፋሪ እንዲህ ሮጬ አላውቅም።»

መኪኖቹ ውኃ እየረጩ ተነሡ። እኔ የማየው ጎማቸውን ብቻ ነበር። ሁለቱ በተጠጋጉ ቁጥር የወንበሩን ክንድ እጨብጣለሁ። አንዴ የሃያ ሰባት ቁጥር የኋላው ተንሸራተተ፤ የምሥራች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጁ ግን መኪናውን ወደ መስመሩ መለሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንደኛውን አለፈው፤ ማንንም ሳያስቀድም ጨረሰ። ለቀስተኛው ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ፣ የት እንዳለ ትዝ ሲለው አወረደ። ሲና ነጥቡን አይታ ከመሪው ጋር እኩል ሆነዋል አለች። በሁለተኛው ውድድር ከሁለቱ የቀደመ የዓመቱን አንደኝነት ይወስዳል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። በምስል ነው የሚደውለው። ጋሽ ኃይለማርያም «አታንሺው» አሉኝ። ባላነሣውስ ምን ሊያስብ ነው? አነሣሁትና ካሜራውን አጠፋሁት።

«እትዬ ሸዋ፣ ካሜራውን አብሪው። ዋንጫውን ላሳየው።»

«ስልኬ እምቢ አለኝ።»

«በሲና ስልክ ይሁን።»

ከበስተኋላዬ የአንድ ለቀስተኛ ሳል ተሰማ።

«ቤት ውስጥ ብዙ ሰው አለ አይደል?» አለ። «እኔ ስወዳደር አምባዬ አይተኛም። ሆስፒታል ቢሆን እንኳ ያየኝ ነበር።»

«ቶማዞ፣ ሁለተኛውን ጨርስና...»

«እዚያ ውስጥ ገብቼ ስለዚህ ብቻ ነው የማስበው። ገባሽ? ካልነገርሽኝ ግድግዳው ጋ ስደርስም ይህንኑ ነው የማስበው።»

ድምፁ ቀጥኗል። በሚያዝያ ከሆስፒታል ሲያናግረኝ የነበረው ድምፅ ነው። ጋሽ ኃይለማርያም ጣታቸውን እያወዛወዙ ይከለክሉኛል። አምባዬ ይጨርስ ብሏል፤ ልክ ነው። ግን አምባዬ ያለው ምንም ለማያውቅ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ግን ግማሹን አውቆታል። ግማሽ መርዶ ይዞ በዝናብ እንዴት ይነዳል?

«አምባዬ ሞቷል» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ገና ያኔ የሰማሁት መሰለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ዛሬ ጠዋት ተኝቷል ብለሽኛል።»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሣም። የቡድኑም አለቃ አያነሣም።

«ምን አደረግሽ ሸዋነሽ?» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። «ያ ልጅ ያኔም ዝም ብሎ አይደል የገባው?»

ሲና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የምሥራች ውኃ ሰጠችኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ከአምባዬ አስከሬን አጠገብ ከቆምኩበት ይልቅ አስታውሰዋለሁ። አንድ ልጅ በገዛ እጄ ወደ ሞት የላክሁ መሰለኝ። እናቱን አሰብኩ፤ ስሟን እንኳ በደንብ አላውቀውም። ነገ ማነው ለእሷ የሚነግራት?

ላፕቶፑ ላይ መኪኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው መደርደር ጀመሩ። ሲና አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ ቁጥሮቹን እያነበበች ነው። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። መብራቱ በራ፣ ጠፋ፣ ሁሉም ተፈተለኩ። ቦታው ባዶውን ቀረ።

«አልወጣም» አለች ሲና። «ኦኬ፣ አልወጣም። እዚያው ቀርቷል።»

ጋሽ ኃይለማርያም ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ተመስገን» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ዓመቱ ግን ሄደበት» አሉ።

«ዓመቱ ብቻ መሰለዎት?» አለቻቸው የምሥራች።

ሲና ልጁን ልትደውልለት ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ያኔ ለቀቅሁት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ወንዶቹም ተነሡ። ላፕቶፑን መዝጋት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ለቅሷችንና የመኪኖቹ ጩኸት ተደባልቀው ውድድሩ እስኪያልቅ ቆዩ።