ሰባት ወንበርና አንድ የማይታጠፍ እግር

ታላቅ ወንድሜ መኪና ሊገዛ እንደሆነ የነገረን ሱሪ እየተኮሰ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ትልልቅ ወሬ ሁሉ ከካውያው እንፋሎት ጋር ነው የሚወጣለት።

"የቤተሰብ መኪና ነው" አለ። "ሰባት ሰው የሚይዝ። አባባን ይዘን እህታቸው ዘንድ እንሄዳለን።"

ሚስቱ እትዬ የያዘችውን መርፌ ልብሱ ላይ ሰክታ ተወችው። ነገሩ ቀልድ አይደለማ! አባባ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ አንድ ቀን እንቅፋት ሳይመታቸው፣ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር የጎረቤት ጣሪያ ላግዝ ብለው ወጥተው ወደቁ። ቀኝ ጉልበታቸው ብረት ገባበትና ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አልታጠፍም አለ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ እህታቸውን አላዩም። የአራት ሰዓት መንገድ ነው። አንዴ በአውቶቡስ ሞክረው፣ እግራቸው መተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ የወጣ የወረደው ሁሉ ሲረግጠው፣ አንዱማ ሻንጣ መስሎት "ይሄ ዕቃ የማነው? አንሱልን እንጂ!" ብሎ ሲጮህ፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ወርደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ብቻ ሆነ። ሰሞኑን ደግሞ የአክስታችን ዓይን እየደከመ መጣ። "ቶሎ ካልመጣህ መልክህ ያመልጠኛል" ማለት ጀምረዋል።

መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ሁለት መኪና ተመርጦ ነበር። አንዱ ትልቁ ነው። ዘጠኝ ሰው ይጭናል፣ ውስጡ ጎንበስ ሳይሉ ይኬድበታል። ለወንድሜ ልጆች፣ "የኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ከፊተኛው በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አንድ ሰውዬ ሚስቱ ከኋላ ጠፍታበት በሬዲዮ አስነግሮ ነው ያገኛት" አልኳቸው። ሌላዋ ትንሿ ናት። ሰባት ወንበር፣ በሯ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን የሚንሸራተት። እሷ ከማጠሯ የተነሳ ዝናብ ሲዘንብ ለሁሉም ተዳርሶ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሳት።

"ትልቁን የት ልታቆመው ነው?" አለች እትዬ። "ወደ እኛ ቤት ሲገባ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እየላሰ ነው።"

"ትንሿን ብንገዛ ደግሞ ጉልበታችንን ጆሯችን ላይ ሰቅለን ነው የምንሄደው" አለ ወንድሜ።

"አንተ ስትል!"

"አንቺ ስትይ!"

ሦስት ቀን እንዲህ ተባባሉ። በአራተኛው ወንድሜ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። "ክርክር ምን ያደርጋል? ልክ እያለ!" ብሎ ሁላችንንም አሰልፎ ለካን። ትከሻ፣ ዳሌ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ ሁሉንም በደንበኞች ደብተር ላይ ጻፈ። ለእያንዳንዳችን እንደ ልብስ ሁለት ጣት ትርፍ ተወልን። ለእትዬ ዳሌ አራት ጣት ስለጨመረ ቀኑን ሙሉ ሳታናግረው ዋለች።

አባባ ግን አልለካም አሉ። "እኔን ተዉኝ። ለእናንተ የሚመቸውን ግዙ፤ እኔ ስልክ አለኝ።" ወንድሜ አልተጨነቀም። የአባባን ልክ ከድሮ ጀምሮ ደብተሩ ላይ አለው፤ ሱሪያቸውን ሲሰፋ የኖረው እሱ ነው። ገልጦ አነበበ። "የእግር ርዝመት መቶ አራት። ሲታጠፍ ሃምሳ ሁለት።" ጻፈው። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው የጻፈው። ማንኛችንም ምንም አልመሰለንም። ሃያ ዓመት ሱሪ መሃል ለመሃል ሲያጥፍ የኖረ እጅ ምን ያድርግ!

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቱን ባዶ አድርገን ወለሉ ላይ በጠመኔ ትንሿን መኪና ሣልናት። ሰባት በርጩማ ደረደርን። የአባባ ቦታ ባዶ ሲሆንብኝ ጊዜ እጄ አላርፍ አለ። አንዱን አሮጌ ሱሪያቸውን አምጥቼ በብጣሽ ጨርቅ ጠቀጠቅሁት፤ ከላይ ኮት አለበስኩት፤ ራሱን ከክር ጥቅል ሠርቼ ባርኔጣ ደፋሁበት። ጉልበቱን እጥፍ አድርጌ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሁላችንም ገብተን ተቀመጥን፤ ሰባታችንም ልክክ አልን! ወንድሜ መሪ የሌለውን መሪ እያዞረ፣ "በቃ፣ ትንሿ ናት!" ብሎ ጮኸ። አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሲያልቅ አባባ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

ያንን የጨርቅ ሰውዬ ከባርኔጣው እስከ ጫማው አዩት። "ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት አያቴ" አለች የወንድሜ ትንሿ ልጅ።

"እንዴት ያለ ደህና ሰው ነው!" አሉ። "ጉልበቱም ይታጠፋል። በሉ እሱን ይዛችሁት ሂዱ። እህቴ ዓይኗ ደክሟል፤ አትለየውም።"

ዞረው ወጡ። የምርኩዛቸው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ወንድሜ ሰውዬውን አንስቶ ሱሪውን ገለበጠው፤ ብጣሹ ጨርቅ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "አንተና ቀልድህ!" አለኝ። ያሳደጉኝን አባቴን በጨርቅ ጠቅጥቄ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍላቸው ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ መኪና ሻጩ ጉድ ፈልቶበታል።"

"ይፍላበት።"

"ትልቁ መኪና ሞተር ውስጥ አንድ ድምፅ አለ። ሦስት መካኒክ መጥቶ አላወቀውም። አንደኛው እንደውም ጆሮውን ደቅኖ ሲሰማ ቆይቶ አልቅሶ ሄደ።"

"ለምን አለቀሰ?"

"ሚስቱ ትዝ ብላው።"

"ሚስቱ እንደ ሞተር ነበር የምትጮኸው?"

"የምታንኮራፋው ነው እንጂ! ታዲያ ሻጩ፣ 'ድሮ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ብሎን መላላቱን በጆሯቸው ብቻ የሚያውቁ። እሳቸው ቢኖሩ' ብሎ ሲተክዝ፣ የሚያወራው ስለ እርስዎ አይደለም?"

አባባ ምርኩዛቸውን ሳቡ። ከዚያ፣ "ባርኔጣዬን አምጣ" አሉ።

መሸጫው ከቤታችን ሦስት መታጠፊያ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ወንድሜና እትዬ ነገሩ ገብቷቸው ከኋላ ራቅ ብለው ተከተሉን። ሻጩን ከሩቅ ጠቀስኩት፤ ብልጥ ነው፣ "እንኳን መጡልኝ አባቴ!" ብሎ ጎንበስ አለ።

አባባ የትልቁን መኪና ሞተር አስነሥተው የምርኩዛቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "በግራ በኩል" አሉ፤ "አንድ ኩሽኔታ አልቋል። ይሄ መኪና ከአቅሙ በላይ ሲጫን የኖረ ነው።" ሻጩ ቀላ። እኔ ደግሞ ክው አልኩ፤ ከራሴ የፈጠርኩት ድምፅ ሞተሩ ውስጥ ተገኘ!

"የኋላውን ከውስጥ ልስማው" ብለው ወደ በሩ ሄዱ። መርገጫው ግን ጉልበት ላይ የሚደርስ ነው። በግራ እግራቸው ወጡ፣ ቀኙ ቀጥ እንዳለ ከውጭ ተንጠለጠለ፤ መልሰው ወረዱ። ደግመው ሞከሩ። ሻጩ ሮጦ ከብብታቸው ሥር ሲይዛቸው፣ "እጅህን ሰብስብ!" አሉት። "እኔ ዕቃ ስጭን ነው የኖርኩት፤ ስጫን አልኖርኩም።"

ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ወደ ትንሿ ሄዱ። ሞተሯን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደዷት። በሯን አንሸራተቱት። ወለሏ ዝቅተኛ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉባት፣ ማንም ሳይነካቸው እየተሳቡ ወንበሩ ላይ ወጡ። እግራቸው ግን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጫማቸው ከበሩ ውጭ ቀረ። ወንድሜ ሜትሩን ከኪሱ መዘዘና መልሶ ከተተው።

"ሃምሳ ሁለት" አለ በለሆሳስ። "እንደ ሱሪ አጠፍኩት።"

"ምን አልክ?" አለች እትዬ።

"የአባባን እግር። እንደ ሱሪ አጠፍኩት።"

አባባ አልሰሙትም፤ ወንበሩ ሥር እጃቸውን ሰደው ይዳብሳሉ። አንድ ብረት አገኙና ሳብ አደረጉት። ወንበሩ ከነእሳቸው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። እግራቸው ገባ። በሩን ራሳቸው ሳቡት፤ ተዘጋ።

በመስታወቱ ውስጥ ተቀምጠው ሳያቸው ሳቅሁ። መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ "ከኋላዬ ግን ድመትም አይቀመጥ" አሉ። እውነት ነው፤ ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲሄድ የኋለኛውን ወንበር ደፈጠጠው። ሰባት የነበረው ስድስት ሆነ። ወንድሜ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። እሱ፣ እትዬ፣ ሦስቱ ልጆች፣ አባባ። ስድስት። ጣቱ አየር ላይ ቀርቶ አየኝ።

"እኔማ ድሮም አልሄድም" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ለአክስቴ የመርከብ ካፒቴን ሆኛለሁ ብያቸዋለሁ። አሁን ባሕር ላይ ነኝ። በምን አፌ ነው የምቀርበው?"

"በአውቶቡስ ተከተለን" አለ ወንድሜ።

"ቅዳሜ ልብሱን ሊወስድ ለሚመጣው ሰው ማን ይሰጣል? ካውያው?"

አባባ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ጆሮዬን ያዙኝ። "ውሸታም! የሚያለቅስ መካኒክም የለም።"

"መቼ አወቁ?"

"ገና ማልቀስ ሲጀምር።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

ጆሮዬን ለቀቁት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እግሬን ነው። ለጆሮዬ ብሎ ከቤት ያወጣኝ አንተ ነህ። ሂድ እንግዲህ፣ መርከብህን ንዳ።"

ትንሿ ተገዛች። ቅዳሜ ማለዳ ስድስቱም ሄዱ። እኔ ስፌት ቤቱን ከፍቼ አንዱን ኮት ለባለቤቱ፣ አንዱን በስህተት ባለቤቱ ላልሆነ ሰው ሰጥቼ፣ እሱን እያሳደድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ትልቋ ልጅ ናት።

"አጎቴ፣ ደርሰናል። ግን ማንም ቤት አልገባም።"

ማሳደዴን ትቼ ቆምኩ። "ምነው? አባባ ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም። ከመኪናው አልወረዱም እንጂ። የአያቴ እህት ራሳቸው መጥተው መኪናው በር ላይ፣ አያቴ እግር አጠገብ ተቀመጡ። 'የእኔ ቤት አምስት ደረጃ አለው፣ ይሄ ደረጃ የለውም፤ ምሳችንን ወደዚህ አምጡልን' አሉ። ሁለት ሰዓት ሆናቸው።"

"አክስቴ ያዩዋቸዋል?"

"ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በጣም ቀርበው ነው የሚያዩዋቸው። 'እርጅና ይሄን ያህል አምሮብሃል እንዴ?' ብለዋቸው አያቴ አፈሩ።"

"አባትሽስ የት ነው?"

"መንገድ ዘግተሃል እያሉት ከሾፌሮች ጋር ይጨቃጨቃል። 'አንቀሳቅስ' ሲሉት 'እሺ' ይላል፤ ግን አያንቀሳቅስም።"

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይጮኻል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። ከጡሩምባው መሃል የአባባ ድምፅ ይሰማኛል፤ ረጋ ብለው፣ ማንም እንደማያስቸኩለው ሰው፣ ለእህታቸው ያወራሉ።