ለመስታወት የወለቀ ጫማ

መስታወት ቆራጩ ሃይማኖቱን ከተወ ቆይቷል። ሰፈሩ «መናፍቁ» ይለዋል፤ መስኮት የተሰበረበት ሰው ግን መቼ እንደሚደርስለት እንጂ በምን እንደሚያምን ጠይቆት አያውቅም።

ዛሬ የተሰበረው የእናቱ መስኮት ነው። ታማ የተኛችው በጸሎት ክፍሏ ነው፤ ነፋሱ እየገባ ያስላታል፤ ሌላ ክፍል ግን አልሄድም ብላለች። ጥርት ያለ መስታወት እናድርግልሽ ሲሏት፣ «ጎረቤት እያየኝ እንድስል ነው?» አለች። እንደ ድሮው፣ አበባ የታተመበት ይሁን ብላለች። እንዲህ ያለው መስታወት አሁን አይመጣም። ከሱቁ ጥግ የተረፉት ሦስት ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሊቆርጥ ሲል ሁለቱን ሰብሯል።

«እጅህን ምን ነካው?» አለች እህቱ፣ ልታጣድፈው መጥታ። ከጸሎት ቀርታ አታውቅም፤ ከነገርም።

«እጄ ደህና ነው። መስታወቱ ነው ያረጀው።»

«እማዬም አርጅታለች። ስለዚህ ቀስ ብለን ነው የምንይዛት።»

«ኧረ እህት ዓለም፣ አትነዝንዢኝ!»

«ጸልይና ቁረጠው።»

«ወደ ማን?»

መልሷን ትታ የቀረውን አንድ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋደመችለት።

መቁረጫውን አነሳ። መስታወት የሚጫረው አንዴ ነው፤ እጅ ካመነታ ስንጥቁ ወደ ፈቀደው ይሄዳል። ጫፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ መልሶ አነሳው። መቁረጫውን አስቀመጠና መጥረጊያ አነሳ። ስብርባሪውን ከየሥርቻው ጠረገ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር አኖረ።

«አበድክ? መስታወት ቤት ውስጥ በባዶ እግር?»

እግሩን ገጥሞ ቆመ። ልጆች ሳሉ እናታቸው ጸሎት የምታስጀምረው እንዲህ ነበር፤ ክፍሉ ይጠረጋል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቆም ነው። አንድ ቃል ከመባሉ በፊት የእያንዳንዱን ትንፋሽ ታዳምጣለች። «ማነው እንደ ወናፍ የሚነፋው? ሩጫህን ውጭ ትተህ ና!» ወናፉ ሁልጊዜ እሱ ነበር። ያኔ ፈጣሪ ጩኸት የማይወድ ይመስለው ነበር። አሁን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቆሞ ሲያስበው፣ የሚዘል ልጅን ያለ ዱላ እንዲህ አድርጋ ማርጋቷ ገረመው። ፈጣሪን ከሥርዓቷ አውጥቶ አየው፤ ሥርዓቷ አልፈረሰም።

ትንፋሹ ረጋ። እህቱም ሳይታወቃት ጫማዋን አውልቃለች።

መቁረጫውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳበው። ጭረቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ጫን አለ። ቀጭ! እንደ ብስኩት ተከፈለ።

«ማንን ለመንክ?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንንም። ጫማዬን አቀብዪኝ።»

ከእናታቸው ክፍል ደጃፍ ሲደርስ ያንኑ ጫማ ደግሞ አወለቀና መስታወቱን እንደታቀፈ ቆመ። እናቱ ዓይኗን ሳትገልጥ አዳመጠች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ወናፉ።»

«ውሸት። ወናፉን አላውቀውም እንዴ? ይሄ እኮ ትንፋሹም አይሰማም።» ዓይኗን ገለጠችና፣ «በል ግባ» አለችው።